ሄፓታይተስ ቢ፦ የዓይን ቢጫነት የማይገልጠው የጉበት ሕመም

በአገራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረና የምግብ ፍላጎቱ የጠፋ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ይዞታል» ይባላል። ስያሜው ሕመሙን ከሌሊት ወፍ ጋር ከሚያያይዝ የቆየ እምነት የመነጨ ሲሆን፣ ዛሬም በከተማም በገጠርም ይሠራበታል። ከስያሜው ጋር አብሮ የዘለቀ አስተሳሰብም አለ፤ ይኸውም የጉበት በሽታ ዓይን ላይ ይታያል፣ ቢጫው ሲጠፋም በሽታው ለቋል የሚል ነው። በሄፓታይተስ ቢ ረገድ ግን ይህ አስተሳሰብ በሁለት በኩል ያሳስታል። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሕመማቸው ከሌላ ምክንያት የመጣ ነው። በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተይዘው ለከፋ የጉበት ጉዳት ከሚጋለጡት ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ለሃያና ለሠላሳ ዓመታት አንዳች ምልክት ሳያዩ ይኖራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ሥር ከሰደደ የሄፓታይተስ ቢ ኢንፌክሽን ጋር ይኖሩ ነበር። በዚያው ዓመት ከቫይረሱ ጋር በተያያዘ ምክንያት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ቫይረሱ በደማቸው መኖሩን በምርመራ ያወቁት ከመቶ 13 ብቻ ሲሆኑ፣ መድኃኒት ያገኙት ደግሞ ከመቶ 3 ገደማ ነበሩ። በኢትዮጵያ በተለያዩ ጊዜያት የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሥራ የቫይረሱን ስርጭት ከመቶ 7.4 ገምቶታል። ቁጥሩን በቀላሉ ለመረዳት ያህል፣ 200 እንግዶች በተቀመጡበት የሠርግ ድንኳን ውስጥ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወደ 15 የሚጠጉ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ስለ ሁኔታው አያውቁም።

ቫይረሱ በጉበት ውስጥ የሚያደርሰው

ሄፓታይተስ ማለት የጉበት ብግነት ማለት ነው። ለብግነቱ መነሻ የሚሆኑ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ አልኮል፣ አንዳንድ መድኃኒቶችና ዕፅዋት እንዲሁም ከኤ እስከ ኢ የተሰየሙ አምስት ዋና ዋና ቫይረሶች ይጠቀሳሉ። ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ በተበከለ ውሃና ምግብ ይተላለፋሉ፤ ብዙውን ጊዜም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ። ቢ፣ ሲ እና ዲ ግን የሚተላለፉት በዋናነት በደም ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት የመቆየት ጠባይ አላቸው። ሄፓታይተስ ዲ ከቢ ተነጥሎ በራሱ ሊባዛ የማይችል ቫይረስ በመሆኑ የሚይዘው ቀድሞ ቢ ያለበትን ወይም ሁለቱን በአንድ ጊዜ የተቀበለን ሰው ብቻ ነው።

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ መኖር የታወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ባሩክ ብሉምበርግ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተለያዩ ሕዝቦችን የደም ናሙና ሲመረምር ባገኘው አንድ ያልታወቀ ፕሮቲን ምክንያት ነው። ይህ ፕሮቲን ቫይረሱ የሚለብሰው የውጭ ሽፋን መሆኑ ኋላ ላይ ተረጋገጠ። ዛሬ በየጤና ተቋማቱ በፈጣን መመርመሪያ የሚፈለገውም ይኸው ሽፋን ነው። ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሲሆን፣ የልደቱ ቀን ሐምሌ 21 በየዓመቱ የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ ይታሰባል።

ቫይረሱ የጉበት ሕዋስን በቀጥታ አይገድልም። የዘር መረጃውን በሕዋሱ አስኳል ውስጥ አስቀምጦ በሕዋሱ አቅም ራሱን ያባዛል። ጉዳቱ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል በቫይረሱ የተያዙትን የጉበት ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃቸው ነው። ይህ ጥቃት አጭርና ጠንካራ ሲሆን ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሰውየው ለጥቂት ሳምንታት ይታመማል፣ ብዙውን ጊዜም ቫይረሱ ተወግዶ ይድናል። ጥቃቱ ደካማና የማያባራ ሲሆን ግን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፣ በቦታቸውም ጠባሳ ይተካል። የጉበት ትልቁ መልካም ጠባይ፣ አንዳንዴም ትልቁ አሳሳች ጠባይ፣ ብዙ ክፍሉ ተጎድቶ እንኳ ሥራውን ማከናወኑ ነው። በውስጡም የሕመም ስሜትን የሚያስተላልፍ ነርቭ እምብዛም የለም። ስለዚህ ጠባሳው ሲስፋፋ ባለቤቱ አይሰማውም።

ቫይረሱ በገባበት ጊዜ የነበረ ዕድሜ

ሰዎች አንድ ቫይረስ ይዞአቸው አንዱ በወር ውስጥ ሲድን ሌላው ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት የሚኖረው ለምንድን ነው? በሄፓታይተስ ቢ ከሁሉም በላይ ወሳኙ ነገር ቫይረሱ ወደ ሰውነት የገባበት ዕድሜ ነው። በወሊድ ጊዜ ወይም በመጀመሪያው የሕይወት ዓመት ቫይረሱ ከያዛቸው ሕፃናት ውስጥ 90 ከመቶ ያህሉ ሥር ወደ ሰደደው ደረጃ ይሸጋገራሉ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ የተያዙት ከሆኑ መጠኑ ከ30 እስከ 50 ከመቶ ይደርሳል። ጤነኛ አዋቂ ሲይዘው ግን ሥር የሚሰድድበት ከመቶ አምስት አይሞላም።

ምክንያቱ ከላይ ከተገለጸው ጋር የተያያዘ ነው። የጨቅላ ሕፃን የመከላከያ ኃይል ገና ራሱንና ባዕዱን የሚለይበት ደረጃ ላይ ስለሆነ ቫይረሱን እንደ ቤተኛ ይቀበለዋል፤ አያጠቃውም። ስለዚህ ሕፃኑ አይታመምም፣ ዓይኑ ቢጫ አይሆንም፣ እንደ እኩዮቹ ይድሃል፣ ይማራል፣ ያድጋል። ቫይረሱ ግን በደሙ ውስጥ በከፍተኛ መጠን ይኖራል። ውጊያው የሚጀምረው ከዓመታት በኋላ ነው። በጎልማሳነት ዘመን የጉበት ጠባሳ ወይም ካንሰር የተገኘበት ሰው «ከየት መጣብኝ?» ብሎ የቅርብ ጊዜ አጋጣሚዎችን ሲያስታውስ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው በተሳሳተ ቦታ ነው። መነሻው አብዛኛውን ጊዜ የተወለደበት ቀን ወይም ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ያደገበት የልጅነት ዘመን ነው። ይህ እውነታ በትዳር መካከል ለሚነሳ ጥርጣሬም መልስ ይሰጣል፤ በአንደኛው ተጋቢ ደም ውስጥ ቫይረሱ መገኘቱ ብቻውን የአለመታመን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የሚተላለፍባቸውና የማይተላለፍባቸው መንገዶች

ቫይረሱ በደም፣ በዘር ፈሳሽና በብልት ፈሳሽ ይተላለፋል። ከሰውነት ውጭ፣ ለምሳሌ በደረቀ የደም ጠብታ ላይ፣ ቢያንስ ለሰባት ቀናት የመበከል አቅሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። ይህም ከኤች አይ ቪ ይልቅ በቀላሉ የሚተላለፍበት አንዱ ምክንያት ነው። ክትባት ያልወሰደ የጤና ባለሙያ ቫይረሱ ባለበት ደም የተነካካ መርፌ ቢወጋው የመያዝ ዕድሉ እስከ 30 ከመቶ ሊደርስ ይችላል፤ ለኤች አይ ቪ ተመሳሳይ አጋጣሚ የሚያስከትለው አደጋ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

በኅብረተሰቡ ውስጥ ልዩ ትኩረት የሚሹት ስለት የሚነካቸው ልማዶች ናቸው። እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ በባህላዊ መንገድ የሚፈጸም ግርዛት፣ ዋግምትና ንቅሳት በአንድ ምላጭ ወይም መርፌ ለብዙ ሰው ሲከናወኑ ቫይረሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። የፀጉር ቤት ምላጭ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ መሆን አለበት። በቤት ውስጥ ደግሞ ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ እንዲሁም ድድን የሚያደማው መፋቂያ ለየራስ መሆን ይገባቸዋል። በአፍሪካ ከእናት ወደ ልጅ ከሚደረገው መተላለፍ ባልተናነሰ ከልጅ ወደ ልጅ የሚደረገው መተላለፍም ከፍተኛ ድርሻ አለው፤ አብረው የሚጫወቱና አብረው የሚተኙ ሕፃናት ቁስልና ጭረት ለቫይረሱ በቂ በር ይሆናል።

አብሮ በመብላት ግን አይተላለፍም። በአንድ መሶብ ዙሪያ መቀመጥ፣ ጉርሻ፣ የሻይ ስኒ መጋራት፣ መሳሳም፣ መተቃቀፍ፣ ሳልና ማስነጠስ ቫይረሱን አያሻግሩም። ውጤቱ የታወቀበትን የቤተሰብ አባል ሳህንና ኩባያ ለይቶ ማስቀመጥ የሚታይ ልማድ ቢሆንም፣ ማንንም የማይጠብቅ፣ ሕመምተኛውን ግን በእጅጉ የሚያሳዝን ተግባር ነው። ቤተሰቡን የሚጠብቀው ምርመራና ክትባት ነው።

ምልክት ሲኖር

አዲስ ኢንፌክሽን የያዛቸው አዋቂዎች ምልክት የሚያሳዩት ቫይረሱ ከገባ ከ30 እስከ 180 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ መጠነኛ ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ክብደት፣ ጥቁር ሻይ የመሰለ ሽንት፣ የነጣ ሰገራ፣ በመጨረሻም የዓይንና የቆዳ ቢጫነት ይታያሉ። ይሁንና ቢጫነት የሚታይባቸው ከተያዙት አዋቂዎች ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ጉንፋን ወይም ድካም መስሏቸው ያልፋሉ። ቢጫነት ከታየበት በኋላ ግራ መጋባት፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ወይም ደም መፍሰስ የተጨመረበት ሰው ጉበቱ ሥራ ሊያቆም መቃረቡን የሚያመለክት በመሆኑ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። እንዲህ ያለው ሁኔታ ከመቶ አንድ በታች በሆኑት ላይ ይከሰታል።

ለዓይን ቢጫነት በብዙ አካባቢዎች ስሚዛ ወይም ሰንሰል የሚባለው ተክልና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች ተጨምቀው ይሰጣሉ። ሕመምተኛውም በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቢጫነቱ ስለሚለቀው ፈውሱን ለመድኃኒቱ ይሰጣል። እውነቱ ግን የአዋቂ ሰው አጣዳፊ ሄፓታይተስ፣ ኤ ይሁን ኢ ወይም ቢ፣ ምንም ሳይሰጠው በአብዛኛው በራሱ የሚለቅ መሆኑ ነው። አንዳንድ ዕፅዋት ደግሞ ራሳቸው ጉበትን ስለሚመርዙ በተጎዳ ጉበት ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራሉ። ከዚህም በላይ ቢጫነቱ ስለጠፋ ብቻ ምርመራ ሳያደርግ የቀረ ሰው ቫይረሱ ከሰውነቱ ይውጣ ወይም ይቅር የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

ሥር የሰደደው ኢንፌክሽን ምልክት የሚያሳየው ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው። የሆድ በውሃ መነፋት፣ የእግር እብጠት፣ የሰውነት መክሳት፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራና የአእምሮ መደናገር ጉበቱ በጠባሳ መያዙን፣ ማለትም ሲሮሲስ መድረሱን፣ ይጠቁማሉ። በልጅነታቸው ተይዘው በሕክምና ክትትል ሥር ካልሆኑ አዋቂዎች ውስጥ ከ20 እስከ 30 ከመቶ ያህሉ ለሲሮሲስ ወይም ለጉበት ካንሰር ይዳረጋሉ። ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር፣ ሄፓታይተስ ቢ የጉበት ካንሰርን ያለ ሲሮሲስም ሊያመጣ መቻሉ ነው። የቫይረሱ የዘር መረጃ ከጉበት ሕዋስ የዘር መረጃ ጋር ስለሚቀላቀል ጠባሳ በሌለው ጉበት ውስጥም ካንሰር ሊበቅል ይችላል። በአፍሪካ ይህ ካንሰር ሰዎችን የሚይዘው ገና ቤተሰብ በሚያስተዳድሩበት ዕድሜ ላይ እያሉ መሆኑ ጉዳቱን ያከብደዋል።

አደጋውን የሚያባብሱ ነገሮችም አሉ። አረቄም ሆነ ሌላ የአልኮል መጠጥ ቫይረሱ ባለበት ጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ነው። የሻገተ እህልና ለውዝ ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ከቫይረሱ ጋር ሲደመር የካንሰር ዕድልን በብዙ እጥፍ ያሳድጋል። ጫት ለጉበት ምንም እንደማያደርግ ይታሰብ ነበር፤ በሐረር ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ግን ጫት የሚቅሙ ሰዎች ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ የመጋለጥ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

ምርመራውና የውጤቱ ትርጉም

ሄፓታይተስ ቢን በእርግጠኝነት መለየት የሚቻለው በደም ምርመራ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ኤች.ቢ.ኤስ.ኤ.ጂ በመባል የሚታወቀው ሲሆን፣ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። በአገራችን ብዙ ሰዎች ውጤታቸውን የሚያውቁት አስበውበት ሳይሆን በአጋጣሚ ነው፤ ደም ሲለግሱ፣ በእርግዝና ክትትል ወቅት ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ ለመሄድ የጤና ምርመራ ሲያደርጉ። የተለገሰ ደም በሙሉ ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ቫይረሱ የተገኘባቸውን ሠራተኞች ስለማይቀበሉ፣ ለጉዞ የተዘጋጀ ወጣት ውጤቱን የሚሰማው ዕቅዱ ሁሉ በፈረሰበት ቅጽበት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የምርመራ ወረቀቱን ቀደው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ወረቀቱ ግን ከጉዞው ይልቅ ለጤናቸው የሚጠቅም መረጃ ይዟል።

ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ መድኃኒት ያስፈልገዋል ማለት አይደለም፤ ክትትል ግን ለሁሉም ያስፈልጋል። ምርመራው ከስድስት ወር በኋላ ተደግሞ አሁንም ቫይረሱ ካለ ኢንፌክሽኑ ሥር የሰደደ ነው ይባላል። ከዚያ ሐኪሙ የጉበት ብግነትን መጠን የሚያሳየውን የኢንዛይም ምርመራ፣ የደም ሕዋሳት ቆጠራን፣ የጉበት አልትራሳውንድን፣ በሚገኝበት ቦታም የቫይረሱን መጠን የሚለካውን ምርመራ ያዝዛል። የኤች አይ ቪ እና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራም አብሮ ይደረጋል። የኢንዛይም ውጤት ከጊዜ ወደ ጊዜ ከፍና ዝቅ ስለሚል አንድ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ክትትልን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ሲሮሲስ ያለባቸው ወይም በቤተሰባቸው ውስጥ የጉበት ካንሰር የታየባቸው ሰዎች ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ እንዲገኝ በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ መነሣት ይኖርባቸዋል።

ለሌላ ሕመም መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰውም ቫይረሱ እንዳለበት ለሐኪሙ መናገር አለበት። የካንሰር መድኃኒቶችና የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክሙ ሌሎች መድኃኒቶች ለዓመታት ተኝቶ የነበረን ቫይረስ በድንገት ሊያነቃቁትና ለሕይወት የሚያሰጋ ብግነት ሊያስነሱ ይችላሉ።

መድኃኒቱ የሚሠራውና የማይሠራው

ቴኖፎቪር የተባለው እንክብል በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ የቫይረሱን መባዛት በመግታት ብግነቱን ያበርዳል፣ የጠባሳ መስፋፋትን ያስቆማል፣ አንዳንዴም ጠባሳው እንዲቀንስ ያደርጋል፣ የካንሰር ዕድልንም ዝቅ ያደርገዋል። በሕዋሱ አስኳል ውስጥ የተቀመጠውን የቫይረሱን የዘር መረጃ ግን አያጠፋም። ሕክምናው ለረጅም ዓመታት፣ ለብዙዎችም ዕድሜ ልክ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ቫይረሱ በኃይል ተመልሶ ጉበቱ በሳምንታት ውስጥ ሥራ እንዲያቆም ሊያደርግ ይችላል። ይኸው መድኃኒት ከኤች አይ ቪ ሕክምና ውስጥ አንዱ በመሆኑ በፋርማሲ ወይም በጎረቤት ዘንድ የተሳሳተ ግምት ሊያስነሣ ይችላል፤ ሆኖም ሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ ናቸው።

በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረ የሕክምና ፕሮግራም ከ1,000 በላይ ሕሙማንን መዝግቦ ተከታትሏል። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች ከተጀመሩት ቀደምት ሰፋፊ የሄፓታይተስ ቢ የሕክምና ፕሮግራሞች አንዱ ነው። ከተገኙት ትምህርቶች ውስጥ አንዱ ከሌሎቹ ይጎላል። በመጀመሪያዎቹ የክትትል ወራት ሕይወታቸው ካለፈ ሕሙማን ውስጥ እጅግ አብዛኞቹ ወደ ሕክምናው ሲመጡ ጉበታቸው በሲሮሲስ ተዳክሞ ሆዳቸው ውሃ እስከ መቋጠር የደረሱ ነበሩ። መድኃኒቱ የነበረው በዚያው ሆስፒታል፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ልዩነቱን የፈጠረው የመጡበት ጊዜ ነው።

ክትባትና የጨቅላው የመጀመሪያ ቀን

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ የጉበት ካንሰርን ስለሚከላከል ካንሰርን የሚከላከል የመጀመሪያው ክትባት ተብሎ ይጠቀሳል። በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ በሚከላከለው ፔንታቫለንት ክትባት ውስጥ ተካትቶ በ6ኛው፣ በ10ኛው እና በ14ኛው ሳምንት ለሕፃናት በነፃ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለደው ትውልድ፣ ማለትም ዛሬ የሚያገባው፣ የሚወልደውና የሚሠራው አብዛኛው የኅብረተሰብ ክፍል፣ በልጅነቱ ይህን ክትባት አልወሰደም። ለአዋቂዎች ክትባቱ በሦስት ዙር ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር፣ ሦስተኛው ስድስት ወር ቆይቶ። አስቀድሞ ምርመራ ማድረግ ይመረጣል፤ ቫይረሱ በደሙ ላለ ሰው ክትባቱ አይጎዳውም፣ ግን አይጠቅመውም። የጤና ባለሙያዎች፣ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው የትዳር ጓደኛና አብረውት የሚኖሩ የቤተሰብ አባላት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። ሦስቱንም ዙር ያጠናቀቀ የትዳር ጓደኛ በደሙ መከላከያ መፈጠሩ በምርመራ ሲረጋገጥ የተጋቢዎቹ ሕይወት እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት ሊቀጥል ይችላል።

በወሊድ ጊዜ የሚተላለፈውን ለማስቆም ግን ስድስት ሳምንት መጠበቅ ይዘገያል። ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረው በአብዛኛው በምጥና በወሊድ ሰዓት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛውም ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እንዲያገኝ የሚመክረው ለዚህ ነው፤ ሰዓታት በገፉ ቁጥር ክትባቱ መተላለፍን የመከላከል አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ነፍሰ ጡር እናት በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ጊዜ ለሄፓታይተስ ቢ መመርመሯ፣ ቫይረሱ ከተገኘባትም ይህንኑ ለሚያዋልዳት ባለሙያ አስቀድማ ማሳወቋና በጤና ተቋም መውለዷ ለልጇ ወሳኝ ነው። በቤት ውስጥ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው ቀን ክትባት የሚያገኝበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።

በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን ከፍተኛ የሆነ እናት ከእርግዝናዋ መካከለኛ ወራት ጀምሮ ቴኖፎቪር እንድትወስድ ይደረጋል፤ መድኃኒቱ ለፅንሱ ደኅንነቱ የተረጋገጠ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በሚገኝበት ቦታ ሕፃኑ እንደ ተወለደ ከክትባቱ ጋር ኢሚውኖግሎቡሊን የተባለ ዝግጁ መከላከያ ይወጋል። በቫይረሱ ምክንያት ብቻ በቀዶ ሕክምና መውለድ አያስፈልግም። ጡት ማጥባትም አይከለከልም፤ ልጁ ክትባቱን እስካገኘ ድረስ የእናት ጡት ወተት ቫይረሱን አያስተላልፍም። የጡት ጫፍ ቆስሎ ከደማ እስኪድን ድረስ በሌላኛው ጡት ማጥባት በቂ ነው።

ሕፃኑ የቀሩትን ሦስት ክትባቶች በ6ኛው፣ በ10ኛው እና በ14ኛው ሳምንት ይወስዳል። ከዘጠኝ ወር ዕድሜው በኋላ ወደ ጤና ተቋም ተወስዶ ሁለት ነገሮች ይመረመሩለታል፤ አንደኛው ቫይረሱ በደሙ መኖር አለመኖሩ፣ ሁለተኛው ክትባቱ በደሙ መከላከያ መፍጠር አለመፍጠሩ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የሚደረግ ምርመራ በወሊድ ጊዜ ከተሰጠው ዝግጁ መከላከያ ጋር ስለሚምታታ አይመከርም።